ስለ ቺንጋ መንሸራተት

ተቀምጠው በሚነዱት የሣር ማጨጃ መኪና ጓሮውን የሚያጭድ አሜሪካዊ፣ ዳገት ላይ ሞተሩ እያጓራ ጎማው አልዞር ሲለው፣ ቺንጋው ተንሸራተተ ብሎ ያማርራል፤ ዳሩ ግን የቺንጋን ነገር ከጥንቱ ጀምሮ ለሚመረምር ሰው፣ ይህ ዛሬ እንደ ነውር የሚቆጠረው መንሸራተት ቀድሞ ከሚወደስባቸው ጠባዮቹ አንዱ ነበር።

በማሳቹሴትስ፣ በሎዌል ከተማ፣ ፖል ሙዲ የተባለው መሐንዲስ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1828 ዓ.ም. በአፕልተን የጥጥ ፋብሪካ የቆዳ ቺንጋ እስኪዘረጋ ድረስ፣ የውሃው ኃይል ወደ ፎቆቹ ይወጣ የነበረው፣ በእንግሊዞች ሥርዓት፣ በከባድ ዘንግና በጥርሳም መዘውር ነበር። ይህም ጩኸቱ ጆሮ የሚያደነቁር፣ አንድ ጥርስ በተሰበረ ጊዜም ብዙ ሥራ የሚያስፈታ ነበር፤ ቺንጋው ግን አንዱ የሽመና መኪና ቢነክስ፣ በፑሊው ላይ ተንሸራቶ ሌላውን ሳይጎዳ ያልፍ ነበር። ሠራተኞቹም ከልክ በላይ እንዳይንሸራተት ሲሉ፣ እርጥበት ያረዘመውን ቆዳ ቆርጠው በጠፍር ይሰፉት፣ የጥድ ሙጫ ዱቄትም ይነሰንሱበት ነበር (ሙጫው ለጊዜው ያዝ ቢያደርገውም ውሎ አድሮ ቆዳውን የሚጎዳ መድኃኒት ነው)።

የመያዙን ምሥጢር በ18ኛው መቶ ዓመት በሒሳብ የገለጠው ሊዮንሃርድ ኦይለር ነው፤ በእርሱ ሐተታ መሠረት ቺንጋው የሚይዘው በፑሊው ስፋት ሳይሆን፣ ዙሪያውን በታቀፈበት መጠንና በሰበቃው ብርታት ነው። በዴንቨር ጆን ጌትስ በ1917 ዓ.ም. ከጎማና ከጨርቅ የሠራው ቺንጋ ሰበቃውን አበዛው፤ ጎኖቹ ወደ ታች እየጠበቡ በፑሊው ቦይ ውስጥ እንደ ሽብልቅ ስለሚወተፉ፣ የቦዩ አንግል 40 ዲግሪ ቢሆን፣ መያዙ በጠፍጣፋ ቺንጋ ላይ ከነበረው ሦስት እጥፍ ገደማ ይሆናል። ስለዚህ ትንሽ ፑሊ፣ አጭር ቺንጋ፣ ከወንበር በታች የሚገባ ሞተር በቃ።

የሣር ማጨጃውም ራሱ የጨርቅ ፋብሪካ ልጅ ነው፤ ኤድዊን ባዲንግ በ1830 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር፣ በስትራውድ አቅራቢያ የፈለሰፈው፣ የሱፍ ጨርቅን ጸጉር የሚከረክመውን መኪና አይቶ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ተቀምጠው የሚነዱት ማጨጃ በአሜሪካ ጓሮዎች ሲበዛ፣ በብዙዎቹ ላይ ቺንጋው ፍሪሲዮንም እንዲሆን ተደረገ፤ ፔዳሉ ሲረገጥ ወጣሪው ፑሊ ይሸሻል፣ ቺንጋው ይላላል፣ ሞተሩ እየዞረ መኪናው ይቆማል፤ ፔዳሉ ሲለቀቅ ደግሞ ሞላው ቺንጋውን ይወጥራል። እንግዲህ በተፈለገው መንሸራተትና ባልተፈለገው መካከል ያለው ዳኛ ያ ሞላ ነው።

ሞላው ደኅና ሆኖ ሳለ የሚንሸራተት እንደ ሆነ፣ በእኔ አስተያየት አዲስ ቺንጋ ከመግዛት አስቀድሞ የፑሊውን ቦይ ወለል ማየት ይሻላል፤ ወለሉ የሚያብለጨልጭ ከሆነ፣ ቺንጋው ጎኑ ተበልቶ ወደ ታች ወርዷል፣ መወተፉም ቀርቷል ማለት ነው፤ የቦዩ ግድግዳዎች ተበልተው ጎድጉደው ከተገኙም ፑሊው አብሮ ካልተለወጠ አዲሱም ቺንጋ ብዙ ሳይቆይ ይወርዳል።