የመኖ ሽግግር
የመኖ ሽግግር ከብትን፣ በግንና ፍየልን ከለመዱት መኖ ወደ አዲስ መኖ ቀስ በቀስ ማሸጋገር ነው። በተለይ ለእንስሳት ውድድርና ኤግዚቢሽን የሚዘጋጁ ወይም የሚደልቡ እንስሳት ከሣርና ከድርቆሽ ወደ እህል ሲሸጋገሩ ጥንቃቄ ይጠይቃል።

ምክንያት
በሚያመሰኩ እንስሳት ጨጓራ ውስጥ መኖን የሚያብላሉት ባክቴሪያዎችና ሌሎች ረቂቅ ተሕዋስያን ናቸው። ሣርን የሚያብላሉትና የእህልን ስታርች የሚያብላሉት ዝርያዎች በአብዛኛው የተለያዩ ስለሆኑ ከአዲሱ መኖ ጋር ለመላመድ ጊዜ ያስፈልጋቸዋል። እህል በድንገት ከበዛ ላክቲክ አሲድ ይጠራቀምና አሲዶሲስ የተባለውን ሕመም ያስከትላል። እንስሳው መኖ ይተዋል፣ ያስቀምጠዋል፣ ይደክማል፤ ሕመሙ ከጠናም ሊሞት ይችላል። በአውድማ ወይም በጎተራ የተከማቸ እህል ሳይታይ የበላ በሬ የሚታመመውም በዚሁ ምክንያት ነው።

አሠራር
ሽግግሩ ብዙውን ጊዜ ከ7 እስከ 14 ቀን ይወስዳል። አንዱ ዘዴ እንዲህ ነው፦
* ከ1ኛው እስከ 3ኛው ቀን፦ ሩብ አዲስ፣ ሦስት አራተኛ የቀድሞው መኖ
* ከ4ኛው እስከ 6ኛው ቀን፦ እኩል በእኩል
* ከ7ኛው እስከ 9ኛው ቀን፦ ሦስት አራተኛ አዲስ
* ከ10ኛው ቀን ጀምሮ፦ ሙሉ በሙሉ አዲስ

እህል የሚበዛበት ድለባ 3 ሳምንት ወይም ከዚያ በላይ ሊፈልግ ይችላል። ድርቆሽና ንጹሕ ውኃ አይቋረጡም። እንስሳው መኖ ከቀነሰ ወይም ካስቀመጠው ወደ ቀድሞው መጠን ይመለሳል፤ ካልተሻለው የእንስሳት ሐኪም ያየዋል። ለውድድር የሚጓዝ እንስሳም ጉዞው ራሱ ስለሚያስጨንቀው የለመደው መኖ አብሮት ይጫናል እንጂ በዚያ ሰሞን መኖ አይቀየርለትም።