ዳያና ሪግና የድካም ዋጋ

የአንድ ሰው ሥራ ምን ያህል ዋጋ ያወጣል? ይህን ጥያቄ በደመወዝ የሚተዳደር ባለሙያ ሁሉ በልቡ ያመላልሰዋል፤ ከአለቃው ፊት ቆሞ የሚጠይቀው ግን ጥቂቱ ነው። «ዝም አይነቅዝም» የሚለው ብሂል የእኛ ይሁን እንጂ ልማዱ በሌላውም ዓለም በየመሥሪያ ቤቱ የኖረ ነው። በ1960ዎቹ ዓመታት ይህን ልማድ ከጣሱት ሰዎች አንዷ እንግሊዛዊቷ የቴሌቪዥን ተዋናይት ዳያና ሪግ ነበረች። ስለ እርሷ የተጻፈው አብዛኛው በመልኳና በዝናዋ ላይ ያተኮረ ነው። ይህ ጽሑፍ የሕይወት ታሪኳን ከደመወዝ ጥያቄዋ አንጻር ለመመልከት ይሞክራል። የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዳያና ሪግ ጁላይ 20 ቀን 1938 በዮርክሽር አውራጃ በዶንካስተር ከተማ ተወለደች። አባቷ በምህንድስና ሥራ የተሠማራ ሰው ሲሆን፣ የተሻለ ዕድል ፍለጋ ወደ ሕንድ ተሻግሮ በቢካኔር በምድር ባቡር ሥራ ተቀጥሮ ነበር። ልጅቱም ገና የሁለት ወር ሕፃን ሳለች ወደዚያው ተወስዳ እስከ 8 ዓመት ዕድሜዋ በሕንድ አደገች፤ ሂንዲም ሁለተኛ ቋንቋዋ ሆነ። ከዚያም ወደ እንግሊዝ ተልካ በሊድስ አጠገብ በሚገኘው የፉልኔክ አዳሪ ትምህርት ቤት ገባች። በዚያ ባይተዋርነት እንደተሰማት፣ ሆኖም ጠባይዋን ይበልጥ የቀረጸው ከሕንድ ይልቅ ዮርክሽር መሆኑን ከጊዜ በኋላ ተናግራለች።

ከ1955 እስከ 1957 በለንደን ንጉሣዊ የድራማ ጥበብ አካዳሚ ተምራ፣ በ1959 ወደ ንጉሣዊው የሼክስፒር የቴአትር ቡድን ገባች። በዚያም እስከ 1964 ድረስ ከታናናሽ ሚናዎች ተነሥታ በ«ንጉሥ ሊር» ውስጥ ኮርዴሊያን እስከ መጫወት ደረሰች። እንግዲህ ወደ ቴሌቪዥን ስትሻገር አምስት ዓመት በመድረክ ላይ የተፈተነ ሙያ ይዛ ነበር። ዋጋዋ በተጠየቀ ጊዜ ይህ መዘንጋት አልነበረበትም።

«ዘ አቬንጀርስ» የተባለው ተከታታይ ድራማ በ1961 በንግድ ቴሌቪዥን የተጀመረ የስለላ ታሪክ ነው። ዋናውን ሰላይ ጆን ስቲድን ፓትሪክ ማክኒ ይጫወት ነበር። የሥራ ጓደኛው የነበረችው ኦነር ብላክማን በ1964 ስትለቅ ቦታው ለዳያና ሪግ ተሰጠ፤ ኤማ ፒል የተባለችውን ሴት ሆና በ1965 በተመልካች ፊት ቀረበች። ኤማ ፒል ሳይንስ የምታውቅ፣ በትግል ጠላቷን የምትጥል፣ ከወንዱ ጋር በእኩልነት የምትነጋገር ሴት ነበረች። በዘመኑ ቴሌቪዥን ሴት በአብዛኛው ሚስት ወይም ጸሐፊ፣ አለዚያም የምትድን ምስኪን ሆና ትቀርብ ስለነበር ነገሩ አዲስ ነበር።

የዚያን ጊዜ ለውጥ ቴክኒካዊ ገጽታም ነበረው። የቀደሙት ክፍሎች ይቀረጹ የነበረው በቪዲዮ ቴፕ ሲሆን፣ የእንግሊዝ ቴሌቪዥን በ405 መስመር፣ የአሜሪካው ደግሞ በ525 መስመር ይሠራ ስለነበር ቴፑን ባሕር አሻግሮ መሸጥ አስቸጋሪ ነበር። ዳያና ሪግ በገባችበት ወቅት ሥራው ወደ 35 ሚሊሜትር ፊልም ተዛወረ፤ ፊልም ደግሞ በየትኛውም የመስመር ሥርዓት ሊተላለፍ ይችላል። በ1966 አንድ ታላቅ የአሜሪካ ጣቢያ ድራማውን ማሳየት ጀመረ፤ ከ1967 ጀምሮ የቀረቡት ክፍሎችም ለአሜሪካ ገበያ ሲባል ባለቀለም ሆኑ። የሚገርመው፣ በእንግሊዝ የንግድ ቴሌቪዥን የቀለም ሥርጭት የተጀመረው በኖቬምበር 1969 ስለሆነ፣ የገዛ አገሯ ተመልካች እነዚህን ክፍሎች መጀመሪያ ያያቸው በጥቁርና ነጭ ነው። ያም ሆነ ይህ፣ ድራማው በብዙ አገሮች የሚሸጥ ሸቀጥ ሆኗል። ፊቷም ከሸቀጡ ዋና መለያዎች አንዱ ነበር።

በዚህ መካከል ነው ዳያና ሪግ የሚከፈላት ደመወዝ ከካሜራ ባለሙያው እንደሚያንስ የተረዳችው። ዝም አላለችም፤ ጭማሪ ጠየቀች። ለተከታዩ ዙር ደመወዟ በብዙ ከፍ ቢልም ስሟ ከወቀሳ አልዳነም። ጋዜጦች ገንዘብ ወዳድ አድርገው ሣሏት። በ2019 በሰጠችው ቃለ ምልልስ፣ በሙያው ውስጥ ከነበሩት ሴቶች አንዲት እንኳ እንዳልደገፈቻትና የሥራ ጓደኛዋም ከጎኗ እንዳልቆመ በሐዘን አስታውሳለች። በጠቅላላው 51 ክፍሎች ከሠራች በኋላ ድራማውን ለቀቀች።

እዚህ ላይ የካሜራ ባለሙያው ያለ አግባብ ተከፍሎት ነበር ማለት አይገባም። ያለ እርሱ ብርሃንና ሌንስ ኤማ ፒል አትታይም። ልዩነቱ የመጣበትን መንገድ ግን የሙያ ማኅበር አባላት የሆንን ሰዎች ልብ ልንለው ይገባል። የፊልም ቴክኒሻኖች ጠንካራ የሠራተኛ ማኅበር ነበራቸው፤ ስለ ክፍያቸው የሚነጋገረው ማኅበሩ ነው። ዋና ተዋናይት ግን ከዝቅተኛው ተመን በላይ ያለውን ውሏን የምትደራደረው በግሏ ነበር። ስለዚህ ቴክኒሻኑ ሲጠይቅ ጥያቄው የብዙዎች ድምፅ ሆኖ ይሰማል፤ እርሷ ስትጠይቅ ግን የአንዲት ሴት ስስት ተደርጎ ተቆጠረ።

ጉዳዩ የእርሷ ብቻ እንዳልነበረ ዘመኑ ራሱ መሰከረ። በ1968 በለንደን አካባቢ በዳገንሃም የፎርድ መኪና ፋብሪካ የወንበር ልብስ የሚሰፉ ሴቶች በደመወዝ ምክንያት ሥራ አቆሙ፤ በ1970 የእኩል ክፍያ ሕግ ወጣ፤ በ1975 መጨረሻም በሥራ ላይ ዋለ። ሆኖም ሕግ ልማድን ወዲያው አይሽርም። በ2018 ንግሥት ኤልሳቤጥን በቴሌቪዥን የተጫወተችው ክሌር ፎይ፣ ባሏን ሆኖ ከተጫወተው ተዋናይ ያነሰ ይከፈላት እንደነበር አዘጋጆቹ ራሳቸው ገልጸዋል።

ዳያና ሪግ ከዚያ በኋላ የሠራችው ሥራ ወቃሾቿን የሚያሳፍር ነው። በ1969 በጄምስ ቦንድ ፊልም ውስጥ የሰላዩ ሚስት ሆና ተጫወተች። ነገር ግን በፊልም ዝና ብቻ ከመኖር ይልቅ ወደ መድረክ ተመለሰች፤ በ1972 በብሔራዊው ቴአትር ሌዲ ማክቤዝን ተጫወተች። በ1973 በአሜሪካ የጀመረችው አስቂኝ የቴሌቪዥን ድራማ ብዙም ሳይቆይ ተቋረጠ። በመጥፎ ሒስ የተጎዳች ተዋናይት ብትሆንም ቁጭቷን ወደ ሥራ ለወጠችው፤ በ1982 በየዘመኑ በተዋንያን ላይ የተጻፉትን እጅግ መራራ ሒሶች ሰብስባ በመጽሐፍ አሳተመች። «እናት ፍቅር» በተባለው የቴሌቪዥን ድራማ በ1990 የእንግሊዝ ከፍተኛ የቴሌቪዥን ሽልማት፣ በ«ሜዲያ» ቴአትር በ1994 የአሜሪካን የቶኒ ሽልማት፣ በ«ሪቤካ» ደግሞ በ1997 የኤሚ ሽልማት አገኘች። በ1994 «ዴም» የተባለው የክብር ማዕረግ ተሰጣት። ከ2013 እስከ 2017 «ጌም ኦፍ ትሮንስ» በተባለው ድራማ ውስጥ አንደበተ ስለታሟን አሮጊት ኦሌና ታይሬልን ስትጫወት፣ ኤማ ፒልን ያላየ ትውልድ አወቃት። እስከ መጨረሻው ስትሠራ ቆይታ ሴፕቴምበር 10 ቀን 2020 በ82 ዓመቷ በካንሰር አረፈች።

ከዚህ ሁሉ የምናገኘው ትምህርት ምንድን ነው? «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» የሚለው ብሂላችን ለዳያና ሪግ በከፊል ሠርቷል፤ ተናግራ ጭማሪውን አግኝታለችና። ብቻዋን በመናገሯ የከፈለችው ግን ከጭማሪው ጋር የሚመዛዘን አይደለም፤ ብቸኝነቱን ከ50 ዓመት በኋላም አልረሳችውም። ጥያቄዋ ቅን እንደነበር ሕጉም ዘመኑም አረጋግጠዋል፤ የጎደላት አብሯት የሚጠይቅ ባልደረባ ነበር። የሙያ ማኅበር የሚቋቋመውም ለዚህ ነው። የድካሙን ዋጋ የሚጠይቅ ባለሙያ በመካከላችን በተነሣ ጊዜ፣ ስለ ስስቱ ከማውራታችን በፊት የጠየቀው ትክክል መሆን አለመሆኑን እንመርምር፤ ትክክል ሆኖ ካገኘነውም አጠገቡ እንቁም።