ሰብለ፦ የአዝመራ ስም፣ ትርጉሙና መነሻው

«ሰብለ» በጎጃም ደጋማ አካባቢዎችም ሆነ በሌሎች አማርኛ ተናጋሪዎች ዘንድ በሰፊው የታወቀ የሴት መጠሪያ ነው። ስያሜው አርሶ አደሩ በየዕለቱ ከሚጠራው «ሰብል» ከሚለው ቃል የወጣ ነው።

ትርጉም

«ሰብል» የግዕዝ ቃል ሲሆን በማሳ ላይ ያለን አዝመራና የእህል ዛላን ያመለክታል። የዐረብኛው «ሱንቡላ» እና የዕብራይስጡ «ሺቦሌት» የቃሉ ዘመዶች ናቸው፤ ሁለቱም የእህል ዛላ ማለት ናቸው።

በግዕዝ ሥርዓት «ሰብል» «ሰብለ» የሚሆነው ሌላ ስም ሲከተለው ነው፤ «ወልድ» የሚለው ቃል በ«ወልደ ማርያም» ውስጥ «ወልደ» እንደሚሆነው ሁሉ። ስለዚህ «ሰብለ» ብቻውን ሲጠራ ተከታዩን የሚጠብቅ ግማሽ ስም ነው። እጅግ የታወቀው ሙሉ ስም «ሰብለ ወንጌል» ሲሆን፣ ትርጓሜው «የወንጌል አዝመራ» ነው። ወንጌል ቃሉን በዘር፣ አማኞችን በመከር ይመስላልና ስሙ የእርሻንና የእምነትን ምኞት በአንድነት ይይዛል።

መነሻ

ስሙ ጥንታዊ ነው። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የዐፄ ልብነ ድንግል ባለቤት፣ የዐፄ ገላውዴዎስና የዐፄ ሚናስ እናት እቴጌ ሰብለ ወንጌል ይባሉ ነበር። በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመንም ከዐፄ ኃይለ ሥላሴ የልጅ ልጆች አንዷ ልዕልት ሰብለ ደስታ ተብለዋል።

ዝና

ስሙን በየቤቱ ያስገባው ግን የጎጃም ተወላጁ የክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ ልብ ወለድ «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። ደራሲው በ1902 ዓ.ም. በደብረ ማርቆስ አቅራቢያ በእንዶዳም ኪዳነ ምሕረት ተወለዱ፤ መጽሐፋቸው በ1958 ዓ.ም. ታተመ። በታሪኩ የፊታውራሪ መሸሻ ልጅ ሰብለ ወንጌል፣ አባቷ በዘር ሐረግ የሚመጥናት ሰው ሲፈልጉ ዕድሜዋ ያልፋል፤ የማንኩሳውን ተወላጅ በዛብህንም ትወዳለች። ወጋየሁ ንጋቱ መጽሐፉን በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው ታሪኩ ማንበብ ለማይችለውም ደረሰ። የሰብለ ፍጻሜ አሳዛኝ ቢሆንም ስሟ በወላጆች ዘንድ እንደተወደደ ቀጥሏል። በቤት ውስጥ «ሰብልዬ» ወይም «ሰብሊ» እየተባለ ይቆላመጣል።

ሲመዘገብ

በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት ልደት በ90 ቀናት ውስጥ መመዝገብ አለበት። በልደት ምስክር ወረቀቷ «ሰብለ ወንጌል»፣ በትምህርት ቤት መዝገብ ደግሞ «ሰብለ» ተብላ የተጻፈች ልጅ፣ ኋላ ሁለቱ ማስረጃዎች የእርሷ መሆናቸውን ለማስረዳት ልትንገላታ ትችላለች። ስለዚህ ወላጆች ሙሉውን ወይም አጭሩን ስም አስቀድመው ወስነው፣ በሁሉም ሰነድ ላይ አንድ ዓይነት አድርገው ቢያስጽፉ ይበጃል።