አዋቂው የተረሳበት በሽታ

መቼም በዘር የሚወረስ የአጥንት መሰባበር ሲባል ሁላችንም ሕፃን ነው የሚታየን። ያስለመደን ታሪኩ ነው። ስዊድናዊው ኤክማን በ1788 እ.ኤ.አ. በኡፕሳላ ባቀረበው ጽሑፍ አጥንታቸው በቀላሉ የሚሰበር የሦስት ትውልድ ቤተሰብ ገልጾ ነበር፤ አድገው፣ ወልደው ያወረሱ ሰዎች! በ1849 ግን ሆላንዳዊው ቭሮሊክ አንድ ጨቅላ መርምሮ «ኦስቲዮጀነሲስ ኢምፐርፌክታ» አለው፤ ያልተሟላ የአጥንት አፈጣጠር ማለት ነው። ስሙ ጸና፣ አዋቂው ተረሳ።

ከጉርምስና በኋላ ስብራቱ ይቀንሳል እንጂ በሽታው አይለቅም። ጆሮ ሊደክም ይችላል፤ ሴቶች ሲያርጡ ስብራቱ ሊመለስ ይችላል። አብዛኛውን ጊዜ ከወላጅ ወደ እያንዳንዱ ልጅ የመተላለፍ ዕድሉ ግማሽ ነው። ፈውስ የለውም። ጡንቻን ማጠንከር፣ ከመውደቅ መጠንቀቅ፣ ጆሮን ማስመርመር ግን ይቻላል። ወጌሻ ጋ መታሸትማ ይቅር፤ ለወለምታ የተመሰገነው እጅ ለዚህ አጥንት አደጋ ነው።

መቐለ አይደር ሆስፒታልን ያገኘችው በ2008 እ.ኤ.አ. ነበር። ከ2020 እስከ 2022 በነበረው ጦርነት ሆስፒታሉ መድኃኒት አለቀበት፤ ለሰው ሠራሽ እግርና ለፊዚዮቴራፒ የሚጠብቀው ቁስለኛም በዛ። ከዚያ ሰልፍ መሀል ጥይት ሳይነካው የተሰበረ ጎልማሳ ቢቆም፣ «የትኛው ግንባር ነበርክ?» መባሉ አይቀርም እንላለን።