አንጋፋን ተፎካካሪ በምን ስልት መርታት ይቻላል? ከረጅም ርቀት ሩጫ ታሪክ የሚገኙ ትምህርቶች

በየትኛውም የስፖርት ዓይነት ዕድሜው የገፋ ታላቅ ስፖርተኛን መግጠም ለአሰልጣኞች ከባድ ፈተና ነው። አንጋፋው ጉልበቱ ቢቀንስም ልምዱ ይጨምራል። ተፎካካሪው ከመጠን በላይ ካከበረው ተነሳሽነቱን ያጣል፤ ከናቀው ደግሞ በመጨረሻው ሰዓት ይቀደማል። የኢትዮጵያ የረጅም ርቀት ሩጫ ታሪክ ለዚህ ጥያቄ በቂ ምሳሌዎች አሉት። በዚህ ጽሑፍ የምሩፅ ይፍጠር፣ የኃይሌ ገብረ ሥላሴና የቀነኒሳ በቀለ ውድድሮች ከተፎካካሪዎቻቸው አንፃር ይዳሰሳሉ።

ዕድሜ የሚወስደውና የማይወስደው

ዕድሜ ሲገፋ የሰውነት ኦክስጅን የመጠቀም አቅም ቀስ በቀስ ይቀንሳል፤ ከውድድር በኋላ የማገገሚያ ጊዜ ይረዝማል፤ የጅማትና የጡንቻ ጉዳት በቶሎ አይድንም። በአንፃሩ የፍጥነት ስሌት፣ ቦታ የመያዝ ብልሃት፣ የተፎካካሪን ድካም የማንበብ ችሎታና ትዕግሥት ከዕድሜ ጋር ይዳብራሉ። በመሆኑም አንጋፋውን ለመርታት የሚነደፍ ስልት የሚበጀው ውድድሩን እርሱ ከተካነበት ወደሚቸገርበት ሁኔታ ሲያዛውረው ነው።

የሞስኮው ውድድር

አትሌት ምሩፅ ይፍጠር በ1972 እ.ኤ.አ. በሙኒክ ኦሊምፒክ በ10 ሺህ ሜትር የነሐስ ሜዳሊያ ካገኘ በኋላ፣ የ1976ቱ የሞንትሪያል ኦሊምፒክ አብዛኞቹ የአፍሪካ አገሮች ሳይሳተፉበት በመቅረታቸው አምልጦታል። በ1980 እ.ኤ.አ. ወደ ሞስኮ ሲያመራ ዕድሜው ብዙ ያከራክር ነበር። በሰፊው በሚጠቀሰው የልደት ዘመን መሠረት 36 ዓመት ሆኖታል። ተፎካካሪዎቹ ሊከላከሉት የሚገባው ነገር ግልጽ ነበር፤ “ማርሽ ቀያሪው” የሚል ቅጽል ስም ያሰጠው 300 ሜትር ገደማ ሲቀር የሚለቀው ድንገተኛ ፍጥነት ነው።

ሐምሌ 20 ቀን 1972 ዓ.ም በተካሄደው የ10 ሺህ ሜትር ፍጻሜ ምሩፅ ብቻውን አልነበረም። ከመሐመድ ከድርና ከቶሎሳ ቆቱ ጋር በመሆን የሩጫውን ፍጥነት ከፍና ዝቅ እያደረጉ የፊንላንዶቹን ላሴ ቪረንና ካርሎ ማኒንካን አደከሙ። የሁለት ኦሊምፒኮች ባለድል የነበረው ቪረን አምስተኛ ሲወጣ ምሩፅ አሸነፈ፤ ማኒንካ ሁለተኛ፣ መሐመድ ሦስተኛ ሆኑ።

ከአምስት ቀናት በኋላ በተካሄደው የ5 ሺህ ሜትር ፍጻሜ ደግሞ ምሩፅ በወሳኙ ሰዓት በሯጮች ተከቦ መውጫ አጥቶ ነበር። ለተፎካካሪዎቹ ከዚህ የተሻለ መከላከያ አልነበረም፤ የአጨራረስ ፍጥነቱ የቱንም ያህል ቢሆን መንገድ ካላገኘ ሊጠቀምበት አይችልም። ይሁን እንጂ መሐመድ ከድር ወደ ጎን ገለል ብሎ መንገድ ከፈተለት፤ ምሩፅም ወጥቶ አሸነፈ። ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት አንጋፋውን መክበብ የሚሠራው ከበባው ሙሉ ሲሆን ብቻ መሆኑ ነው። የቡድን ጓደኛው በውስጡ ካለ ከበባው በር ያለው አጥር ይሆናል።

ቴርጋት የሞከራቸው ሁለት ስልቶች

ከ1993 እስከ 2000 እ.ኤ.አ. በ10 ሺህ ሜትር አራት የዓለም ሻምፒዮናና ሁለት የኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘው ኃይሌ ገብረ ሥላሴ የመጨረሻ ዙር ፍጥነቱ የሚፈራ ነበር። ኬንያዊው ፖል ቴርጋት ይህን ለመከላከል በሁለት ኦሊምፒኮች ሁለት የተለያዩ ስልቶችን ተጠቅሟል።

በ1996 እ.ኤ.አ. በአትላንታ ውድድሩ ከመጠናቀቁ ከበርካታ ዙሮች በፊት ፍጥነቱን በመጨመር የኃይሌን እግር አስቀድሞ ለማድከም ሞከረ። ኃይሌ ግን ሳይለይ ተከተለው፤ በመጨረሻው ዙርም ቀድሞት 27:07.34 በሆነ ሰዓት አሸነፈ። በ2000 እ.ኤ.አ. በሲድኒ ቴርጋት ስልቱን ቀየረ። እስከ መጨረሻው ዙር ጠብቆ ከኃይሌ አስቀድሞ ረጅም የአጨራረስ ሩጫ በመልቀቅ ክፍተት ፈጠረ። ኃይሌ በመጨረሻዎቹ ሜትሮች ደርሶበት በ27:18.20 ሲያሸንፍ ቴርጋት 27:18.29 ገባ። የ9 መቶኛ ሰከንዱ ልዩነት በዚያው ኦሊምፒክ በወንዶች 100 ሜትር በአንደኛና በሁለተኛ መካከል ከታየው ያነሰ ነው።

ሁለተኛው ስልት ባያሸንፍም ከመጀመሪያው ይልቅ ለድል የቀረበ ነበር። ምክንያቱም ባለአጨራረሱን እርሱ በመረጠው ጊዜ ሳይሆን ተፎካካሪው በመረጠው ጊዜ እንዲነሳ አስገድዶታል።

ከኤድመንተን እስከ አቴንስ

በ2001 እ.ኤ.አ. ኃይሌ ከተረከዝ ጅማት ቀዶ ሕክምና በኋላ በቂ ውድድር ሳያደርግ ወደ ኤድመንተን የዓለም ሻምፒዮና ሄደ። ውድድሩ በዝግታ ተካሂዶ በአጨራረስ ተለየ፤ ኬንያዊው ቻርለስ ካማቲ አንደኛ፣ አሰፋ መዝገቡ ሁለተኛ፣ ኃይሌ ሦስተኛ ሆኑ። የዘገየ ውድድር ሁልጊዜ አንጋፋውን ይጠቅማል የሚለው ግምት በዚህ ፈርሷል። ዝግታው የሚጠቅመው የአጨራረስ ፍጥነቱ ከእርሱ ጋር እስካለ ድረስ ነው።

በ2003 እ.ኤ.አ. በፓሪስ ሁኔታው ተገላበጠ። በዕድሜ ታናሽ የሆነው ቀነኒሳ በቀለ የተሻለ አጨራረስ ስለነበረው ፍጥነቱን ያከረረው ኃይሌ ራሱ ነበር። የውድድሩ ሁለተኛ አጋማሽ ከ13 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ተሮጠ። ቀነኒሳ ግን ከፊት ለመምራት ሳይቸኩል ተከትሎ በመጨረሻው ዙር በማለፍ በ26:49.57 አሸነፈ፤ ኃይሌ በ26:50.77 ሁለተኛ፣ ስለሺ ስህን ሦስተኛ ሆኑ።

በ2004 እ.ኤ.አ. በአቴንስ ኦሊምፒክ ኃይሌ የጅማት ጉዳት ይዞ ተሰለፈ። ቀነኒሳና ስለሺ በተደጋጋሚ ወደ ኋላ እየተመለከቱ ታላቃቸው እንዲደርስባቸው ፍጥነታቸውን ቀንሰው ጠበቁት። እንደማይችል ሲረጋገጥ ግን ጉዟቸውን ቀጥለው ወርቅና ብሩን ወሰዱ፤ ኃይሌ አምስተኛ ወጣ። ይህ ድርጊት አክብሮትና የውድድር ኃላፊነት ጎን ለጎን ሊሄዱ እንደሚችሉ፣ ሆኖም መጠበቁ ገደብ ሊኖረው እንደሚገባ ያሳያል።

በሌሎች ስፖርቶች

በአሜሪካ እግር ኳስም ተመሳሳይ ጥያቄ ይነሳል። ጨዋታውን የሚመራውና ኳስ የሚያከፋፍለው ኳርተርባክ በዕድሜ ሲገፋ የሚተማመነው በእግሩ ሳይሆን በፈጣን ንባቡና በአጭር ቅብብሉ ነው። በየካቲት ወር 2014 እ.ኤ.አ. በተካሄደው የፍጻሜ ጨዋታ የሲያትል ቡድን የ37 ዓመቱን ፔይተን ማኒንግ የያዘውን የዴንቨር ቡድን 43 ለ 8 አሸንፏል። ሲያትል ብዙ ተከላካይ ወደ ማኒንግ ከመላክ ይልቅ አብዛኞቹን ከኋላ አስቀርቶ የአጭር ቅብብል መስመሮችን ዘጋ፤ ኳስ የያዘውንም ወዲያውኑ ጣለ። በአንፃሩ ቶም ብራዲ በየካቲት ወር 2021 እ.ኤ.አ. በ43 ዓመቱ የፍጻሜውን ዋንጫ አንስቷል። አንጋፋው በዕድሜው ምክንያት በራሱ ጊዜ እስኪወድቅ መጠበቅ ስልት አለመሆኑን ይህ ያረጋግጣል።

ተራው የቀነኒሳ ሲሆን

ኃይሌን የተካው ቀነኒሳም በተራው አንጋፋ ሆነ። በ2019 እ.ኤ.አ. በበርሊን ማራቶን በ37 ዓመቱ ሲሮጥ ብርሃኑ ለገሠና ሲሳይ ለማ ከ30 ኪሎ ሜትር በኋላ ጥለውት ሄደው ነበር። ክፍተቱን ግን አላሰፉትም፤ ቀነኒሳ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ሲቀሩ ደርሶ በማለፍ በ2:01:41 አሸነፈ። በ2024 እ.ኤ.አ. ደግሞ በ41 ዓመቱ በለንደን ማራቶን ሁለተኛ ወጥቷል። በዚያው ዓመት በፓሪስ ኦሊምፒክ ግን 39ኛ ሲሆን፣ በተጠባባቂነት ተይዞ የነበረውና በሲሳይ ለማ ምትክ የተሰለፈው ታምራት ቶላ በ2:06:26 የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን አስመዝግቦ ወርቅ አጥልቋል።

ለአሰልጣኞችና ለስፖርት ባለሙያዎች

ከላይ የተዘረዘሩት ውድድሮች በዱርቤቴ፣ በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በሌሎችም የጎጃም ከተሞች ወጣቶችን ለሚያሠለጥኑ መምህራንና ለወረዳ የስፖርት ባለሙያዎች የሚከተሉትን ነጥቦች ያስጨብጣሉ።

አንደኛ፣ አንጋፋውን ከስሙ ይልቅ በወቅታዊ ብቃቱ መመዘን ያስፈልጋል፤ ኤድመንተንና በርሊን በተቃራኒ አቅጣጫ ይህንኑ ያስተምራሉ። ሁለተኛ፣ ወሳኙን እንቅስቃሴ እርሱ ከሚጀምርበት ቦታ አስቀድሞ መጀመር ተገቢ ነው። ሦስተኛ፣ የተከፈተ ክፍተት ወዲያውኑ መስፋት አለበት፤ ልምድ ያለው ሯጭ ጥቂት ሰከንዶችን በትዕግሥት ይመልሳል። አራተኛ፣ የቡድን ሥራ አንጋፋውን ከማዳከሙም በላይ ሊያድነው ስለሚችል የተፎካካሪን ቡድን አሰላለፍ ማጥናት ይገባል።

እነዚህ ስልቶች በውድድሩ ዕለት የሚፈጠሩ ሳይሆኑ በልምምድ የሚዳብሩ ናቸው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፣ የፍጥነት ለውጥን በልምምድ ያልለመደ ወጣት ደወሉ ሲደወል አዲስ ጉልበት ሊያገኝ አይችልም። ቡድን የሚመርጡ ኃላፊዎችም ከአንጋፋው ጋር ብቁ ተጠባባቂ ማዘጋጀት ይጠበቅባቸዋል። የፓሪሱ ወርቅ የተገኘው ተጠባባቂው በተጠራ ጊዜ ዝግጁ ሆኖ በመገኘቱ ነው።