ሁለቱም ሕግ አክብረው ሲቆሙ

የምኖርባት ነሸር ሐይፋ አጠገብ ከሲሚንቶ ፋብሪካ ጋር ያደገች የእስራኤል ከተማ ናት። እኔ ግን እንጀራዬን የማገኘው ሐይፋ ላይ ከተተከለው ሌላ ሙያ ነው፤ የግራፊክስ ድራይቨር እፈትሻለሁ። ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ1974 ከአሜሪካ ውጭ የመጀመሪያውን የዲዛይን ማዕከሉን ሐይፋ ላይ ከፈተ፤ በ1981 የወጣው አይቢኤም ፒሲ የሠራበት 8088 ፕሮሰሰርም የተነደፈው እዚሁ ነው።

ከሁሉም በላይ የሚያስጨንቀኝ ጥፋት ዴድሎክ ነው። ስክሪኑ ቀጥ ይላል፤ የተሰበረ ነገር ግን የለም። አንዱ ፕሮግራም አንድ ባፈር (የማህደረ ትውስታ ክፍል) ቆልፎ ሌላው እስኪለቀቅለት ይጠብቃል፤ ያኛውን የያዘው ደግሞ የእሱን ይጠብቃል። ሁለቱም ሕግ አክባሪ ናቸው፤ ሁለቱም እንደቆሙ ይቀራሉ። ስሕተቱን ያወቀ ተራ ተጠቃሚም፣ የአስተዳዳሪ ፈቃድ ሳይኖረው፣ ብዙ ሰው የሚሠራበትን ማሽን ሆን ብሎ ሊያስቆም ይችላል። ፋይል አይሰረቅም፤ የሁሉም ሥራ ግን ይቆማል።

ኔዘርላንዳዊው የኮምፒውተር ሳይንቲስት ዳይክስትራ ችግሩን በ1965 ጽፎታል። በ1971 ኮፍማን፣ ኤልፊክና ሾሻኒ ዴድሎክ እንዲፈጠር አራት ሁኔታዎች አብረው መገኘት እንዳለባቸው አሳዩ፤ አንዱን ካፈረስነው ዴድሎክ አይፈጠርም። የተለመደው መፍትሔ ሁሉም ቁልፎቹን በአንድ ቅደም ተከተል እንዲይዝ ማድረግ ነው። ግራፊክስ ላይ ይህ አልሆነም። ድራይቨሩ አንድ ምስል ለመሥራት ብዙ ባፈሮችን አንድ ላይ ይቆልፋል፤ የትኞቹን በምን ተራ እንደሆነ የሚነግረው ግን የተጠቃሚው ፕሮግራም ነው።

መውጫው የተገኘው ከዳታቤዝ ባለሙያዎች ነው። ሮዘንክራንትዝ፣ ስተርንስና ሉዊስ በ1978 ያቀረቡትን ሐሳብ ፕሮግራመሩ ማርተን ላንክሆርስት ለሊኑክስ ከርነል፣ ማለትም ለሥርዓተ ክወናው እምብርት፣ ጻፈው፤ በ2013 በ3.11 እትም ገባ። እያንዳንዱ ጠያቂ የተራ ቁጥር ይይዛል። ሁለት ሲጋጠሙ ኋላ የመጣው የያዘውን ሁሉ ለቆ ይመለሳል። አባቴ በልጅነቱ ወገራ ውስጥ በጠባብ መንገድ ሁለት ሰው ሲገናኝ ታናሹ ገለል ይል እንደነበር ይነግረኛል፤ ይህም እንደዚያው ነው። የምወድለት ግን ቀጥሎ ያለውን ነው፦ የተመለሰው ቁጥሩን አይነጠቅም፤ ከፊቱ ያሉት ሲያልፉ እሱ ታላቅ ይሆናል፣ ደጅ ጠንቶ የሚቀር የለም።

ከየካቲት 2024 ወዲህ የሊኑክስ ከርነል ቡድን ራሱ ለደኅንነት ጉድለቶች መለያ ቁጥር ይሰጣል፤ ዴድሎኮችም ይመዘገባሉ። ይህ ያስደስተኛል። ቀድሞ «አጥፍተህ አብራው» ተብሎ ይታለፍ የነበረውን ጥፋት አሁን ሰርቨር ጠባቂዎች በቁጥሩ ፈልገው ማስተካከያውን ይጭናሉ።