ከድል በኋላ በአዲስ አበባ የነበረ ልጅነት፤ ስለ መላላክ የቀረበ አጭር ጥናት

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ከ1933 ዓ.ም. ድል በኋላ በአዲስ አበባ፣ በእጅ ሥራና በቀን ሙያ በሚተዳደሩ ሰዎች ሠፈር ያደጉ ልጆች ኑሯቸው ምን ይመስል እንደ ነበረ፣ እነዚያው ልጆች ዛሬ አርጅተው ከሚያስታውሱት በመነሣት ለማስረዳት ነው። የከተማዪቱን ታሪክ የጻፉ ሊቃውንት ስለ ቤተ መንግሥቱ፣ ስለ አብያተ ክርስቲያናቱና ስለ ከተማ ፕላኖቹ ብዙ ብለዋል። እኛም በተማርንበት የሚሲዮን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታሪክ ማለት የነገሥታትና የጦርነት ታሪክ ነበር። ውሃ ማን ቀዳ፣ ላምባስ ማን ገዛ የሚል ጥያቄ በፈተና ቀርቦልን አያውቅም።

ጥናቱን ያደረግነው ከፒያሳ እምብዛም በማይርቀው በሠራተኛ ሠፈር ላደጉ ጥቂት አረጋውያን ጥያቄ በማቅረብ ነው። ሠፈሩ፣ ስሙ እንደሚያስረዳው፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የእጅ ሥራ ዐዋቂዎች የሰፈሩበት ነበር። ጠላት ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከገባ በኋላ ከተማዪቱን ለነጭና ለጥቁር ለያይቶ ለመሥራት ፕላን አወጣ፤ በአራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ የነበረውንም ገበያ ወደ ምዕራብ አዛውሮ መርካቶን አቋቋመ። ፕላኑ ሳይፈጸም፣ ልክ በአምስተኛው ዓመት፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ዋና ከተማቸው ተመለሱ። ጠላት ወጣ፤ ቃሉ ግን ቀረ። አረጋውያኑ በልጅነታቸው የተላኩባቸውን ነገሮች ሲዘረዝሩልን ጣኒካ፣ ፉርኖ፣ ሳልሳ፣ ፓስታ ይሉ ነበር፤ ቃሉ የጣሊያን ነው ብሎ ያነሣልን ግን አንድም አልነበረም።

መጀመሪያ ላይ ጥያቄያችን ስሕተት ነበረበት። «ልጅነትዎ እንዴት ነበር?» እያልን ስንጠይቅ የሁሉም መልስ አንድ ሆነብን፤ ደግ ዘመን ነበር፣ ፍቅር ነበር፣ ጎረቤት ከዘመድ ይበልጥ ነበር የሚል ነው። ይህን ሐሰት ነው አንልም። ነገር ግን ደግነቱ ለማን እንደ ነበረ ካልተነገረ የታሪክ ተማሪ ምንም ሊሠራበት አይችልም። ስለዚህ ጥያቄውን ለወጥንና «ወዴት ይላኩ ነበር? ማን ይልክዎ ነበር? ምን ይዘው ይመለሱ ነበር?» ማለት ጀመርን። ያን ጊዜ የሰዎቹ እጅ ሳይቀር ይናገር ጀመር፤ ወዲህ በኩል ወርጄ፣ በዚያ በኩል ታጥፌ እያሉ በምንጣፉ ላይ መንገድ ሠሩልን።

በዚያ ዘመን ልጅ በመንገድ ሲያልፍ ያየው ትልቅ ሰው ሁሉ፣ ቢወልደውም ባይወልደውም፣ ሊልከው ይችል ነበር። ላኪው መሬት ላይ እንትፍ ይልና «ይህ ምራቅ ሳይደርቅ ተመልሰህ ና» ብሎ ያዘዋል። አንድ ሽማግሌ እንደ ነገሩን፣ በክረምት ምራቁ ስለማይደርቅ እየተጫወቱ ይመለሱ ነበር፤ በበጋ ግን ነፍሳቸው እስክትወጣ ይሮጡ ነበር።

ብዙውን ጊዜ የሚላኩት ወደ ዓረብ ቤት ነው። በየሠፈሩ ትንንሽ ሱቅ ከፍተው የሚነግዱ ብዙ የመን ሰዎች ስለ ነበሩ ሱቁ ራሱ በዚሁ ስም ይጠራ ነበር። የሚገዛውም ለኩራዝ የሚሆን ትንሽ ላምባ በጠርሙስ፣ በወረቀት የተጠቀለለ ስኳር፣ ክር፣ አንዳንዴም አንድ ፍሬ ሲጋራ ነው። ከዚህ የምንረዳው ሠራተኛው ደመወዙን በቀን ስለሚያገኝ ቤቱም ለአንድ ቀን ብቻ ይገዛ እንደ ነበረ ነው። ልጁ ደግሞ ሒሳብ ማወቅ ነበረበት። ከድል በኋላ ለጥቂት ዓመታት የእንግሊዝ ምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግና የማርያ ቴሬዛ ብር ጎን ለጎን ይሠራባቸው ነበር። ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ብር ሲወጣ ሁለት ሽልንግ በአንድ ብር ተመነዘረ፤ ከዚያም የተነሣ የኀምሳ ሳንቲሙ ገንዘብ ሽልንግ መባሉ ቀረ ሳይባል ብዙ ዘመን ቆየ።

ስለ ዱቤ የሰማነው ግን ከገንዘቡ ይልቅ አሳስቦናል። እናት ባለሱቁን ማየት ያፈረች ዕለት የምትልከው ልጇን ነው። «እናቴ ቅዳሜ ትከፍላለች ብላሃለች» ይላል ልጁ፤ ባለሱቁም ደብተሩን ገልጦ የቀደመውን ዕዳ ጮክ ብሎ ያነብለታል። አንዲት ባልቴት ሱቁ ደጃፍ ላይ ሌላ ገዢ እስኪወጣ ድረስ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ይጠብቁ እንደ ነበር አጫውተውናል። አባትዬው ዕዳው ስንት እንደ ደረሰ ሳያውቅ የሰባት ዓመት ልጅ ያውቅ ነበር ማለት ነው። በማዘጋጃ ቤት መዝገብ ይህን የሚመስል ነገር እናገኛለን ብለን አንጠብቅም።

ወደ ውሃው ነገር እንመለስ። ከጠየቅናቸው ሰዎች ሁለቱ ያደጉት በአንድ ግቢ፣ እንዲያውም በአንድ ቤት ነው። አንደኛው በጡረታ ላይ ያሉ የመንግሥት ሠራተኛ ናቸው። ሁለተኛዋ የእኛው አያት ናቸው፤ ይህን አስቀድመን የምንናገረው አንባቢ ፍርዳችንን በጥንቃቄ እንዲመለከት ነው።

ጡረተኛው «ውሃ አስቸግሮን አያውቅም፤ በቤታችን እንስራው ሁልጊዜ ሙሉ ነበር» አሉን።

አያታችን በ1944 ዓ.ም. በስምንት ዓመታቸው ከመንዝ ወደ አዲስ አበባ የመጡት ከጡረተኛው እናት፣ ከአክስታቸው ጋር ነው። የተሰጠው ተስፋ ትምህርት ቤት ይገባሉ የሚል ነበር። አክስቲቱ ጠላ ትሸጥ ስለ ነበር ቤቱ ብዙ ውሃ ይፈልጋል። ስለዚህ አያታችን ሳይነጋ ተነሥተው ቦኖ ይወርዳሉ፤ መጀመሪያ በትንሽ እንስራ፣ ጉልበት ሲያወጡ ደግሞ ጣኒካ በገመድ አዝለው ይቀዱ ነበር። ወረፋው ሲረዝም በየሰዉ ፈንታ ድንጋይ ይደረደራል፤ ድንጋይ የሚሰርቅም አይጠፋም። ጠላ በሚጠመቅበት ቀን ሦስትና አራት ጊዜ ይመላለሱ ነበር። ከጠላው የተገኘው ሳንቲም ለልጁ ደብተርና ልብስ ይሆናል፤ ልጁም ትምህርቱን ጨርሶ መሥሪያ ቤት ገባ። «የትምህርት ቤቱን ደወል ወረፋ ላይ ቆሜ እሰማው ነበር» ይላሉ አያታችን። ፊደል የቆጠሩት በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲሆን፣ ያን ጊዜ የሠላሳ አምስት ዓመት ሴትና የልጆች እናት ነበሩ። ስለ አክስታቸው ክፉ ቃል እንድንጽፍ ግን አልፈቀዱም፤ «አብልታ አሳድጋኛለች፤ እሷም ብትሆን የሚያግዛት ሰው አልነበራትም» ብለውናል።

ሁለቱን አንድ ቀን አያታችን ቤት አገናኘናቸው። ቡና ተፈልቶ ነበር። ጡረተኛው ጥያቄያችንን ካዳመጡ በኋላ ወደ አያታችን ዞር ብለው፦

«እትዬ፣ ውሃውን የምትቀጂው አንቺ ብቻ ነበርሽ እንዴ?» አሉ።

«ሌላ ማን ነበረና?»

ጡረተኛው ሲኒያቸውን አስቀመጡ፤ ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያም «እኔ እኮ እንስራውን ሙሉ ሆኖ እንጂ ባዶውን አይቼው አላውቅም» አሉ።

በእኛ አስተያየት ጡረተኛው አልዋሹም። እንስራው በእርግጥ ሙሉ ነበር። ነገር ግን የዚያን ዘመን የሠራተኛ ሠፈር ልጅነት ከጽሑፍ የምናገኘው በአብዛኛው ትምህርት ቤት ገብተው ለመጻፍ ከበቁት ልጆች ስለ ሆነ፣ «ውሃ አስቸግሮን አያውቅም» የሚለው ቃል ብቻውን ታሪክ ሆኖ ሊቀር ይችል ነበር። ከባላገር በዘመድ ስም መጥተው በየቤቱ ያደጉት ሴቶች ልጆች ብዙዎች ናቸው። ዛሬ በሕይወት ያሉት ከሰማንያ ዓመት በላይ ስለ ሆናቸው፣ ጠያቂ ካለ መቸኮል ይኖርበታል።

ያ ግቢ በኪራይ የተያዘ ነበር፤ በሐምሌ 1967 ዓ.ም. ትርፍ ቤቶች ሲወረሱ የቀበሌ ሆነ፤ በ2016 ዓ.ም. በፒያሳ አካባቢ የነበሩ አሮጌ ሠፈሮች ሲፈርሱ አብሮ ፈረሰ፤ ነዋሪውም ወደ ከተማዪቱ ዳር ተበተነ። ከመበተናቸው በፊት ብንጠይቃቸው ኖሮ ቦታውን እያሳዩ ይነግሩን ነበር፤ ይህ የእኛ ጉድለት ነው። አሁን የሠፈሩን ካርታ የሠራነው ከቃል ብቻ ነው። ቦኖው የነበረበትን ቦታ በተመለከተ ሁለቱ ሰዎች እስካሁን አልተስማሙም፤ ጡረተኛው ከመንገዱ በስተ ቀኝ ነው ይላሉ፣ አያታችን በስተ ግራ ነው ይላሉ። በካርታው ላይ በስተ ግራ አድርገነዋል።